ጭልፊቷ እና የዘውዴ እጅ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቤዛ፣ «አባባ፣ ዛሬ ከቤት ይውጡልኝ፤ አቃቂ የወፍ ትርዒት መጥቷል» ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ከቤት መውጣት ጠልቼ አይደለም። የምጠላው የታክሲ ሰልፍና የረዳቶቹን ግልምጫ ነው፤ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሲሳፈር ጊዜያቸውን የሰረቃቸው ይመስላቸዋል። ከሳሪስ አቦ ተሳፍረን ቁልቁል ስንወርድ ቤዛ ያንን ክንድ የሚያህል ሌንሷን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ካሜራዋ የወፏን ዓይን ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኝ፣ ጣቷን አንዴ ስትጫን ስንት ፎቶ እንደሚያነሳ ትነግረኛለች። እኔም «እሺ፣ ጎበዝ» እላለሁ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ስንደርስ የስንቅ ሳህን በፌስታል ያንጠለጠሉ ሴቶች መንገዱን ሲሻገሩ አየሁና ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ። እዚያ በኩል ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። እነሱን እያየሁ አለፍኩ።

ትርዒቱ የሚታየው ድሮ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። አሁን ታጥሮ፣ ሣር ተተክሎበት፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበት መዝናኛ ሆኗል። መግቢያው በስልክ ይከፈላል፤ ተቆርጦ የሚሰጥ ትኬት እንኳ የለም። ማይክ የያዘ ሰውዬ አለቅጥ ይጮኻል። ከእሱ ጀርባ አንድ ቀጭን ወጣት ግራ እጁ ላይ እስከ ክርኑ የሚደርስ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ቆሟል። ሜዳው ማዶ ካለው ግንድ ላይ ንስር ተቀምጣለች። ወጣቱ ወገቡ ላይ ከታሰረው የጆንያ ከረጢት ቁራጭ ሥጋ አወጣ። እኛ ፊት ነበርን፤ ነፋሱም ወደ እኛ ይነፍሳል። የጥሬ ሥጋውና የጆንያው ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የማይኩን ሰውዬ አልሰማሁትም።

ያ ሽታ የዘውዴ ሽታ ነው። የእሱ ትንሽ የጥጥ ብናኝም ነበረበት።

ዘውዴ ጓደኛዬ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈትል ክፍል ይሠራል፤ እናቱን እማማ ተዋበችንና ታናሽ እኅቱን አልማዝን የሚያኖረው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ የስልጤ ሰው ሱቅ ጎን፣ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሦስት ጉርድ ፎቶ በአንድ ብር ከሃምሳ። ለደንበኛ የማውሰው ጥቁር ኮትና ቀይ ክራባት ነበረኝ፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ማን ያውቃል፣ ሰዉ ግን ቀዩን ካላሰርክልኝ ይል ነበር። በዚያ ኮት ያልተነሳ የአቃቂ ጎልማሳ የለም ብል አላጋነንኩም። ዛሬም አንዳንድ ቤት ለቅሶ ስደርስ ግድግዳ ላይ ኮቴን አየዋለሁ። ሰዎቹ አለቁ፤ ኮቴ ቀረ። ያንን ኮት ያልለበሰ አንድ ዘውዴ ነው።

አቃቂ ያኔ ሌላ አገር ነበረች። ባቡሩ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ የጋሪ ፈረሶች ለምደውት ጆሯቸውን እንኳ አያቆሙም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት። ወጣቱ አፍሮውን አጎፍሮ፣ አስፋልቱን የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሶ፣ ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ሲመላለስ ይውላል። ከአንዱ ቡና ቤት የቴፑ ድምፅ ይወጣል፤ ካሴቱ ተጎትቶ ተጎትቶ ዘፋኙ የታመመ ይመስላል፣ ግን እሱኑ እየሰማን እንተክዛለን። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ መንገዱ በሠራተኛ ይሞላል፤ ሁሉም ጸጉሩና ቅንድቡ ላይ ነጭ ብናኝ አለበት፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሳይቀር ሽበታም ይመስላል። አሁን ሳስበው አብዛኞቹ እውነተኛውን ሽበት አላዩትም።

ዘውዴ ጭልፊቷን ያገኛት ከዝናብ በኋላ ነው። ነፋስ ከባሕር ዛፍ ላይ ጫጩት ሆና ጥሏት፣ በጃኬቱ ጠቅልሎ ወደ ቤት አመጣት። እናቱ፣ «ዶሮዬን ስትጨርስ እሷን ትቀልበኛለህ?» ብለው ተቆጡ፤ በማግሥቱ ግን ከልኳንዳ ቤት ቅንጥብጣቢ የለመኑላት እሳቸው ናቸው። ስሟን «እሜቴ» አላት። እንደ ባላባት ሚስት ሰውን ቁልቁል ስለምታይ ነው። በኋላ ርግቦችም ጨመረ። የሚገርመው እሜቴ ርግቦቹን አትነካም ነበር፤ በአንድ ሰማይ ላይ አብረው ይዞራሉ፣ እሱ ሲያፏጭ እነሱ ወደ ሳጥናቸው፣ እሷ ወደ እጁ ትመጣለች። ይህ ወሬ ተሰማና በበዓላት የኳስ ግጥሚያ እረፍት ላይ በሠራተኞች ክበብ ሜዳ ትርዒት ማሳየት ጀመረ። በስሙኒ ከገባው ሰው ግማሹ ኳሱን ትቶ ለእሜቴ ነው የሚመጣው። ዘውዴ ግራ ክንዱን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጣቶቹን ባዶ ትቶ፣ ቁራጭ ሥጋ ይዞ መሃል ሜዳ ይቆማል። የዚያ እጅ ሌባ ጣት ግማሽ ናት፤ በልጅነቱ ማጭድ ቆርጧታል። ሕዝቡ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ከዚያ ከፋብሪካው ጣሪያ በላይ አንዲት ነጥብ ትታያለች።

ያቺን ነጥብ እንደዚያ ሆና ስትወርድ በፎቶ መያዝ የእኔ በሽታ ሆነ። የሚበር ወፍ ማንሳት ያኔ ቀልድ አልነበረም። ፊልም ውድ ነው፤ ካሜራው ምንም አይፈልግልህም። እየበረረች ሌንሱን ላስተካክል ካልክ የምታነሳው ያለፈችበትን ሰማይ ነው። ብዙ ፊልም ካባከንኩ በኋላ ከዘውዴ ጋር አንድ ዘዴ አወጣን። እሱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቆምና ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል። እሜቴ ለማረፍ ክንፏን ከፍታ ከምትገታበት ቦታ ላይ እኔ ቀጥ ያለች እንጨት እተክላለሁ። ሌንሴን እንጨቷ ላይ አጥርቼ፣ እንጨቷን ነቅዬ፣ ሌንሱን ሳልነካ እጠብቃለሁ። ዘውዴ ከፎቶው ውጭ ይሆናል። እሱ ከገባ እሷ ታንሳለች፤ ይህንን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር አጥብቆ የሚናገረው።

«እስኪ ዛሬ አንተን ላንሳህ» ስለው፣ «ኧረ እኔን ተወኝ ባክህ፤ እሷን አንሳ» ይላል።

«እናትህ እንኳ ፎቶህን ይፈልጋሉ።»

«እናቴ እኔን በየቀኑ ታየኛለች፣ ፎቶ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ግን ንዝንዜ ሲበዛበት ቃል ገባልኝ። «የእሷን ክንፍ ልክ እኔ እንደማየው አድርገህ አውጣልኝ። ያን ጊዜ ያንን የተረገመ ኮትህን ለብሼ ከእናቴ ጋር እነሳልሃለሁ።»

የዳግማይ ትንሣኤ ለት ሆነ። ፀሐይዋ ከጎን ነበረች፣ ነፋስ አልነበረም። እሜቴ ወረደች፣ ክንፏን ከፈተች፣ ጣቴም በሰዓቱ ተጫነ። አንዳንድ ጊዜ ፊልሙ ሳይታጠብም ይታወቅሃል። ባጠብኩት ጊዜ እያንዳንዱ ላባ ይቆጠር ነበር፤ ብርሃኑ በክንፏ ጫፎች መሃል አልፎ ይታያል። ፎቶውን ወስጄ ስሰጠው ዘውዴ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ብዙ ሰዓት አየው። ከዚያ፣ «እንግዲህ ተረታሁ። እሑድ ጠብቀን» ብሎኝ ሄደ። እናቱ የሐበሻ ቀሚሳቸውን አጠቡ፣ የእሱን ነጭ ሸሚዝ ተኮሱ።

እሑድ ሳይደርስ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ከዚህ በላይ ልናገርለት አልፈልግም። አልማዝ ያኔ የተማሪ ቤት ልጅ ናት፤ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የጠየቁት ስለ ርግቦቹ ነው። መልእክት የምትልክባቸው ወደ ማን ነው አሉት። ዘውዴ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ርግቦቹን ከእነ ነፍሳቸው ጆንያ ውስጥ ከተቱ፣ እሱንም መኪናው ላይ አወጡት። ጭልፊቷን አላገኟትም፤ ሰማይ ላይ ነበረች። እሑድ እንደማይመጣ እያወቅሁ ኮቱን በብሩሽ አጽድቼ ዋልኩ። ሌላ ምን ላደርግለት እችል ነበር?

እማማ ተዋበች ስንቅ ይዘው ከአንዱ የእስር ቤት በር ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ከረሙ። አንዱ በር ላይ ምግቡን ይቀበሏቸው ጀመር፤ ባዶውን ሳህን ሲመልሱላቸው ልጃቸው የበላው መስሏቸው እያጠቡ ደስ ይላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ሳህኑን ከእነ ምግቡ መለሱና፣ «ከእንግዲህ አያምጡ» አሏቸው። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ማልቀስም አይቻልም ነበር። ለእንዲህ ያለ ሟች ድንኳን አይተከል፣ ደረት አይደቃ። እኒያ ሴትዮ ለቅሷቸውን እንደ ዋጡ ስንት ክረምት አለፈ። እሜቴ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ በኳስ ቀን ሜዳው ላይ ስትዞር ትታይ ነበር። የግቡ አግዳሚ ላይ ታርፋለች፣ ሰዉ ኳሱን ትቶ ያያታል፣ ማንም ግን እጁን አይዘረጋም። ከዚያ ጠፋች፤ ወይም ከሌሎቹ ጭልፊቶች ጋር ተቀላቀለች።

ዘመን ተለወጠና ማልቀስ ተፈቀደ። እንግዲህ አስከሬን በሌለበት ለቅሶ በእኛ ዘንድ ያለ ፎቶ አይሆንም። ነጠላ የለበሰ ወንበር ይቀመጣል፣ ፎቶው ወንበሩ ላይ ይደረጋል፣ አልቃሽ ሁሉ እየተነሣ ይዞት ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ለዚያ ፊት ነው። እማማ ተዋበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፎቶ ቤቴ የመጡት ያኔ ነው። አልማዝ ደግፋቸዋለች።

«መኮንን ልጄ» አሉኝ፣ «የፋብሪካ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሄዷል። ሌላ ፎቶ የለውም። ግን አንተ ጓደኛው ነህ፣ ሜዳ ላይ ስታነሳው ትውል ነበር። አንተ ዘንድ ፊቱ አይጠፋም።»

ፊልሞቹን አውጥቼ እያንዳንዳቸውን በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩላቸው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ጭልፊቷ ናት፣ እማማ።»

«ይቺስ?»

«እሷው ናት።»

«ልጄስ?» አሉኝ። «ልጄ የታለ?»

እሱ ነው እኮ ተወኝ ያለኝ ብዬ ለእናት እንዴት ይነገራል? መፈለጌን ቀጠልኩ። ሰማይ፣ ክንፍ፣ የፋብሪካ ጣሪያ፣ ሰማይ። በመጨረሻ ያቺን የዳግማይ ትንሣኤዋን ፊልም አነሳሁ። ሳትመው ላባዎቹ ብቻ እንዲታዩ ዳሩን ቆርጬው ነበር። ከዳሩ ላይ፣ ጆንያ ከተጠቀለለበት ክንድ ጫፍ፣ አንድ የተዘረጋ እጅ ነበረ። ማጉያውን ሰጠኋቸው። ፊልሙ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይቺን ጣት እኔ ነኝ ያሰርኳት» አሉ ቀና ሳይሉ። «መቀነቴን ቀድጄ ነው ያሰርኳት። ደሙ እንቢ ብሎ...»

«ትበቃለች፣ እማማ?»

«አትበቃም። ግን አጉላልኝ።»

አጉልቼ ሰጠኋቸው። ለቅሶው ለት ነጠላ በለበሰው ወንበር ላይ የተቀመጠው ክንፏን የዘረጋች ጭልፊትና ከዳር አንድ እጅ ነበር። የማያውቁ ለቀስተኞች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። አስለቃሿ የለመደችው የሟቹን ዓይን፣ ጥርስ፣ ቁመና አንስታ ማሞገስ ነው፤ ፎቶውን ተቀብላ ምን እንደምትል ጠፍቷት ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ክንፍ ያለው መጣ ሰማይ አቋርጦ፣
ክንፍ የሌለው ቀረ ከሜዳ ተቆርጦ።

እማማ ተዋበች ስንት ዓመት የዋጡትን ያኔ አወጡት። የሰውን ጩኸት ብዙ ሰምቻለሁ፣ የዚያን ቀኑን የመሰለ ግን አልሰማሁም። ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጁን፣ እጁን ብቻ እየሳሙ አለቀሱ። ብዙ ሳይቆዩ እሳቸውም ሞቱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ወፍ አንስቼ አላውቅም። ሰርግ አነሳሁ፣ ክርስትና አነሳሁ፣ ጉርድ አነሳሁ፤ ደንበኛ ሁሉ ፊቱን ቀና እንዲያደርግ እጮኽበት ስለነበር ቁጡ ነው ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቤዛ የለችም፤ ለማንሳት ሜዳውን ወደ ከለለው ገመድ ተጠግታለች። ንስሯ አንዴ ወርዳ ሄዳለች፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ነበር። ከጎኔ ምርኩዝ የያዙ ሴት ከሴት ልጃቸው ጋር መጥተው ተቀመጡ። ልጅቷ «እማዬ፣ ቆይ ውሃ ላምጣልሽ» ብላ ሄደች። ሴትዮዋ ወደ ሜዳው አይመለከቱም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ክንፉን ነው የሚሰሙት። ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ። አፍንጫቸውን ሳይ እማማ ተዋበች የተቀመጡ መሰለኝ።

«አልማዝ?» አልኩ።

«ማን ነው?»

«መኮንን ነኝ። ፎቶ አንሺው።»

«ጋሼ መኮንን! በሕይወት አሉ?» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። የዛሬውን ሰላምታ አላበዛነውም። ቤታቸው ለመንገድ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም እንደ ገባች ነገረችኝ። ፎቶው አለ። «ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ አሁን ባላየውም በእጄ እዳብሰዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለልጆቼ እንኳ አፍሬ አልነገርኳቸውም። ፊቱ ጠፋኝ። እጁን አውቃለሁ፣ ሳቁ ይሰማኛል፣ ፊቱ ግን የለም። ስንት ሌሊት ልጠራው ሞከርኩ። እርስዎ ፎቶ አንሺ ነዎት፣ የእርስዎ ዓይን አይረሳም። እስኪ ይንገሩኝ፣ ምን ይመስል ነበር?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጆንያው መጣ፣ ግማሿ ጣት መጣች፣ ክንፉ መጣ። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ነጭ ሰማይ ብቻ። ስፈራው የኖርኩት ይህንን ነው፤ እሷ ብቻ ሳትሆን እኔም አጥቼዋለሁ፣ እና ከእኛ ሌላ በዚህ ዓለም ዘውዴን ያየ ሰው አልቀረም። ዓይኔን ስገልጥ ፊት ለፊቴ ያ ወጣት ከረጢቱን እያስተካከለ ቆሟል።

«ግንባሩ ሰፋ ያለ ነበር» አልኳት ወጣቱን እያየሁ።

«አዎ» አለች።

«ጸጉሩ ከፊት ሸሽ ያለ። ቅንድቡ ድፍን፣ የተገናኘ ሊመስል ምንም ያልቀረው።»

«አዎ... አዎን!»

«ሲስቅ ግራ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል።»

«እሱ ነው!» ብላ እጄን ጨመቀችው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «እሱ ነው ጋሼ። ወይ እኔ፣ እንዴት ጠፋኝ? እሱ ነው፣ አየሁት።»

የማላውቀውን ሰው ፊት ለወንድሟ ሰጠሁት። ምን ላድርግ? ባዶ ነው ብላት ዛሬ ሁለተኛ ይሞት ነበር።

ቤዛ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ይዩልኝ እስኪ!» ብላ ካሜራዋን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ንስሯ ክንፏን ዘርግታለች፣ እያንዳንዱ ላባ ይቆጠራል፣ ብርሃኑ በጫፎቹ መሃል አልፏል። ከዳር የቆዳ ጓንት ያጠለቀ እጅ አለ። ከእጁ በላይ ፎቶው ተቆርጧል።

«የልጁ ፊትስ?» አልኳት።

«የየትኛው ልጅ?»

«የሚያበርራት ልጅ። ሂጂና እሱን አንሺው።»

ግራ ገባት፣ ግን ሄደች። ሌንሷን ስታነሳበት ወጣቱ በጓንቱ ፊቱን ሸፍኖ ሳቀ። «ኧረ እኔን ተይኝ ባክሽ፤ እሷን አንሺ» ሲል እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። አልማዝ ምርኩዟን ይዛ ወደ ድምፁ ዞረች። እኔ እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ገመዱን አልፌ ሜዳው ውስጥ ገባሁ፤ የማይኩ ሰውዬ «አባት፣ አይቻልም!» እያለ ይጮኻል። ወጣቱ ፊት ደርሼ ቆምኩ።

«ልጄ፣ እናት አለችህ?»

«አለች፣ አባባ» አለ ደንግጦ።

«እንግዲያው እጅህን ከፊትህ ላይ አውርድ» አልኩት። «ቀና በል።»